ሰባት ቤት የተቆጠረላት ውሻ

ልሳነወርቅ ወንበር ይፋጀው ነበር። ሚስቱ ስሂን ምሳ ስታቀርብለት አንዴ ጎርሶ ይነሣና ሁለተኛውን ጉርሻ መስኮቱ ጋ፣ ሦስተኛውን የጓሮው በር ላይ ቆሞ ነበር የሚበላው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ምንጣፉ ከሶፋው እስከ ጓሮው በር ድረስ ነትቦ መንገድ አውጥቷል። ግማሹን ያነተቡት ውሾቹ ናቸው፤ ግማሹን እሱ ነው።

እኔ ባዩሽ እባላለሁ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፤ ክሪስታል ሲቲ አንድ ሆቴል ውስጥ የጽዳት ሠራተኞች አለቃ ነኝ። ውሻ አልወድም። ፀጉሩንም፣ ሽታውንም፣ እግር ሥር መልከስከሱንም አልወድም። ስለ ልሳነወርቅ ውሾች ለመናገር ከእኔ የባሰ ሰው አይገኝም። ግን ነገሩን ከሥሩ የማውቀው እኔ ነኝና፣ ሌላው አሳምራለሁ ብሎ ከሚያበላሸው እኔው ልናገር።

እንደ ፈረንጆቹ በ2009፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ታክሲውን አፓርታማዬ በር ላይ አቁሞ አገኘሁት። ውስጥ አልተቀመጠም፤ ከፊት መብራቱ እስከ ኋላ መብራቱ ይንጎራደዳል። ሸጋ የሚላት ሴቷ ውሻው በመስኮት አንገቷን አውጥታ ከወዲያ ወዲህ በዓይኗ ትከተለዋለች።

«እህቴ፣ ሥራ ይዤልሽ መጣሁ» አለኝ። «ቁጠሪልኝ።»

«ምኑን?»

«የሸጋን ትውልድ። አርቢዋ ካሮል ወንድ መርጣላታለች። ስንተኛ ቤት ላይ እንደሚገናኙ ቁጠሪልኝ። አንቺ የአባባን ችሎታ ወርሰሻል፤ እኔ ስቆጥር ይምታታብኛል።»

ደሜ ፈላ። ለምን እንደ ፈላ እንዲገባችሁ አባባ ማን እንደነበረ ልንገራችሁ።

አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰባት ቤት በመቁጠር የተመሰከረለት ሰው ነበር። እኛ ዘንድ ወንድና ሴት ሊጋቡ ሲሉ ዝምድናቸው በወላጅ፣ በአያት፣ በቅድመ አያት እየተባለ እስከ ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ይቆጠራል፤ ሰባት ሳይሞላ ከተገናኙ ጋብቻው ቀረ። ልሳነወርቅ እኔን ለማግባት ሽማግሌ የላከ ጊዜ የቆጠረው አባባ ራሱ ነው። ሽማግሎቹ ቆመው ሲጠብቁ ጣቱን እያጠፈ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣና ስድስተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ቄስ ገበየሁ የሚባሉ፣ ማናችንም ያላየናቸው፣ መቃብራቸው እንኳ የት እንዳለ የማይታወቅ ሰው ቁጭ ብለው ጠበቁን። «እህትህ ናት» አለው አባባ። ልሳነወርቅ ጎንበስ ብሎ የአባባን ጉልበት ሳመና ወጣ። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔ ጓዳ ሆኜ ይናገራል ብዬ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «እህቴ» ነው የሚለኝ። በየፊናችን አሜሪካ መጣን፤ እሱ ስሂንን አገባ፤ እኔ መስፍን የሚባል ሰው አግብቼ ሳይዘልቅ ቀረ፤ ልጅም አልወለድኩ። ስሂን ሁሉንም ታውቃለች። «ዘመዳሞች ባትሆኑ ኖሮ እኔን ማን ያገባኝ ነበር?» ትለኛለች፣ ስቃ። ጥሩ ሴት ናት፤ ለመጥላት ሞክሬ አልሆነልኝም።

«ሰው አጣህ?» አልኩት ታክሲው አጠገብ ቆሜ። «በእኔ ላይ የተቆጠረው አልበቃ ብሎ ለውሻ ደግሞ ልቁጠርልህ?»

ክፋት የለበትም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። የትውልድ ወረቀቶቹን ታክሲው አፍንጫ ላይ ዘርግቶ ነፋስ እንዳይወስዳቸው በሁለት እጁ ያዘ። ለመቁጠር ጣት ማጠፍም አላስፈለገኝም። የተመረጠላት ወንድ የእናቷ አባት ነው።

«ሁለተኛ ቤት ነው! አያቷ እኮ ነው ልሳኔ!»

«እኔም እንደዚያ ነው ያገኘሁት» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ተሳስተሃል እንድትዪኝ ነበር የመጣሁት።»

አሁን ስለ ውሾቹ ልናገር፤ ሳልወድ በግዴ ያወቅኩትን። ስፕሪንገር ይሏቸዋል። ነጭ ላይ ጥቁር ወይም ቡናማ የተደፋባቸው፣ ጆሯቸው የተንዘረፈፈ ውሾች ናቸው። ስማቸው አንድ ሲሆን እነሱ ግን ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ለመልክ የተወለደ ነው፤ አጥንቱ ደልደል፣ ፀጉሩ እንደ ሐር የወረደ፣ ረጋ ያለ፣ ሰው ሲነካው የማይደነግጥ። እናቱም አያቱም ቅድመ አያቱም በውድድር አዳራሽ ዳኛ ፊት የቆሙ ናቸው። ሁለተኛው ወገን ለአደን የተወለደ ነው። ከሲታ፣ ጆሮው አጠር ያለ፣ ፀጉሩ የተንጨፈረረ፣ አፍንጫው መሬት የማይለቅ። የእሱ ወላጆች ደግሞ ዕድሜያቸውን ከቁጥቋጦ ውስጥ ወፍ ሲያስነሡ የኖሩ ናቸው። ሁለቱ ወገኖች ለብዙ ትውልድ አልተጋቡም። ባለቤቶቻቸውም አይዋደዱም፤ የአዳራሽ ውሾቹ ባለቤቶች አዳኞቹን ባላገር፣ አዳኞቹ እነዚያን ፀጉር ሠሪ ይሏቸዋል።

ልሳነወርቅ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ነበረው። ሸጋን ያገኘው ከካሮል ነው። ካሮል አሌክሳንድሪያ፣ በአሮጌዎቹ ጡብ ቤቶች ሰፈር የምትኖር አሜሪካዊት አሮጊት ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የመልክ ውሾች አራብታለች። ልሳነወርቅ አውሮፕላን ማረፊያው ጋ ተሳፋሪ ሲጠብቅ አግኝቷት ከነውሾቿ ጫናትና፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ውድድር የሚያደርሳት ደንበኛ ሾፌሯ ሆነ። ጉልበቷ አዳራሹ ውስጥ ከውሻዋ ጋር አላስሮጥ ሲላት «አንተ ይዘሃት ሩጥ» አለችው። መሮጥማ ሙያው ነው። ኋላ ሸጋን በጋራ ሊይዙ ተፈራረሙ። ሸጋ እሱ ዘንድ ታድጋለች፤ ለመጀመሪያ ወሊዷ ወንዱን የምትመርጠው ካሮል ናት፤ ከቡችሎቹ አንዷ የእሱ ትሆናለች። እምቢ ካለ ሸጋ ወደ ካሮል ትመለሳለች። ያን ጊዜ ቀላል መስሎት ነበር።

ወንዱን፣ ችኩልን፣ የሰጠው ቤልትስቪል የሚኖር ጡረታ የወጣ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሰውየው አዳኝ ነበር፣ ወገቡን ታሞ ተወው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ብዬ። ገና የገባ ዕለት የስሂንን ጫማ፣ የበሩን መቃን፣ የሶፋውን እግር ቀምሷል። የንስሐ አባታቸው ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጥተው «ውሻ ባለበት መልአክ አይገባም፤ አውጧቸውና እገባለሁ» ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ስሂን ሁለቱን ታክሲው ውስጥ ቆለፈችባቸው። ጸሎቱ ሲያልቅ ሸጋ የሾፌሩ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ችኩል የኋላውን ወንበር እስከ ሽቦው በልቶታል።

ስሂን ታጉረመርማለች እንጂ ማታ ድራማዋን እያየች ሸጋን በራሷ ማበጠሪያ ስታበጥር በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ጊዜ ውድድር ወስደውኛል። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሌላ ጊዜ ከብት የሚታይበት ትልቅ አዳራሽ ነው። ልሳነወርቅ የሠርጉን ሱፍ ለብሶ ከሸጋ ጎን ለጎን እየሮጠ ዙሪያውን ዞረ። ዳኛዋ የሸጋን ከንፈር ገልጣ ጥርሷን አየች፤ ጀርባዋን ዳበሰች፤ እግሯን አነሣች። ሸጋ ንቅንቅ አላለችም። እሱም አጠገቧ ንቅንቅ አላለም። ያን ሰውዬ ከልጅነቱ አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ረግቶ ቆሞ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ሰማያዊ ሪባን ሲሰጡት አንገቷ ውስጥ ፊቱን ቀበረ። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ለውሻ መሆኑ አናደደኝና ወደ መኪናው ቀድሜ ወጣሁ።

ክረምት ሲመጣ ደግሞ ችኩልን ይዞ ከቼሳፒክ ድልድይ ማዶ ይሻገራል፣ ፌዛንት ለማደን። የእኛ ቆቅ ረጅም ጭራ ቢያወጣ ማለት ነው። ችኩል ጭቃና እሾህ ለብሶ፣ ምላሱን ጥሎ፣ ደስታ ሊገድለው ደርሶ ይመለሳል። አንድ ቀን ሸጋንም ወሰዳት። ወፉ ፊቷ ላይ ተነሥቶ ሲበር በጨዋ ደንብ አየችውና ቁጭ አለች።

ከዚያ በኋላ ነው ሐሳቡ የመጣበት። «መልኳ ከሸጋ፣ ልቧ ከችኩል የሆነች አንዲት ቡችላ!» ይል ጀመር። ስልክ በደወለ ቁጥር ወሬው ያ ሆነ። የአዳራሾቹ ሰዎች ሳቁበት፤ የአዳኞቹም ሳቁበት። እሱ ግን የሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ይዞ ሰባት ቤት ወጥቶ አንድም ቦታ እንደማይገናኙ አይቷል። በእሱ ቤት ከዚህ የተሻለ ጋብቻ የለም።

ካሮል የሸጋን አያት ስትመርጥ ታዲያ ሁለቱ ነገሮች ተላተሙ። ሸጋ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው። ወይ ለአያቷ ይሰጣታል፣ ወይ ያጣታል።

ሰውየው ያን ሰሞን አበደ ብል ይቀለኛል። ከካሮል ጋር የማይጣላበትን ሌላ የመልክ ወንድ ፍለጋ በየእሑዱ ይነዳል። ፔንስልቬንያ ሄደ፤ ሰሜን ካሮላይና ሄደ። ከየደረሰበት ይደውልልኛል። እኔም አንሶላ እያስቆጠርኩ በሌላው ጆሮዬ ውሻ እቆጥራለሁ።

«እህቴ፣ ይኼኛውስ?»

«ሦስተኛ ቤት።»

«ይኼ ሌላ ከተማ ነው እኮ!»

«ከተማውን አይደለም የምቆጥረው። ቅድመ አያታቸው አንድ ነው። የጠየቅከኝ ሁሉ የዚያ የአንዱ ሽማግሌ ውሻ ልጆች ናቸው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ አሉ።»

ስልኩን ሳይዘጋው ሲራመድ ይሰማኛል። ስሂን መክሳቱን አይታ «ለእኔ እንዲህ ተንከራትተሃል?» አለችው። ቀልዷን ነው፤ ቀልዱ ውስጥ ግን ሌላም ነገር ነበር።

በመጨረሻ «ሽማግሌ እልካለሁ» አለ። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ለካሮል ሽማግሌ ልኮ ሸጋን ለችኩል ሊጠይቅ ነው። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ሽማግሌው ጋሽ ዘገዬ ናቸው፤ አሌክሳንድሪያ ያለው አበሻ ሲጋባም ሲጣላም የሚጠራቸው ሰው። ስሂን ድፎ ዳቦ ጋገረች። መንገድ ላይ ጋሽ ዘገዬ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ሙሽራዋ ምን ትሠራለች?» ብለው ጠየቁ።

«ጋሼ፣ ውሻ ናት፤ ልሳነወርቅ አልነገረዎትም?» አልኳቸው።

መኪናው መብራት ላይ ቆሞ አረንጓዴ እስኪበራ ነጠላቸውን አውርደው እንደገና አጣፉ። ከዚያ «እኔ አይሆንም የተባለ ስንት ጋብቻ አሳክቻለሁ» አሉ። «ይኼም አይከብደኝም።»

ካሮል ሳሎኗ ውስጥ ተቀበለችን። ግድግዳው በሪባን ተሸፍኗል። ተቀመጡ አለችን፤ ጋሽ ዘገዬ እምቢ አሉ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ካሮል ወንበሩ ላይ ያለው የውሻ ፀጉር አስጠልቷቸው መስሏት ደንግጣ አንሶላ አምጥታ አለበሰችላቸው። እሳቸው አሁንም ቆመዋል።

«ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል በያት» አሉኝ። «የልጃችን አጥንት ንጹሕ ነው፤ ሰባት ቤት ተቆጥሯል፤ ሠራተኛ ነው፤ ጠባዩ ትንሽ ቸኮል ይላል፤ ትዳር ያበርደዋል።»

ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ። ካሮል መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ልሳነወርቅን አየችው። በሩ ላይ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆሟል። ሳቋን አቆመች።

«ሊ» አለችው፤ እንደዚያ ነው የምትጠራው። «ከቤተሰቡ ውስጥ የማዳቅለው ስለማውቃቸው ነው። የሸጋን አያት ዓይኑንም፣ ዳሌውንም፣ ልቡንም ሐኪም አይቶታል፤ እናቱንም አውቃት ነበር። እኔ የሚያስፈራኝ የማላውቀው ደም ነው። ችኩል ጥሩ ውሻ ነው። ግን ከእሱ የሚወለዱት ለአዳራሹም ለሜዳውም የማይሆኑ ናቸው።»

«እናንተ ዘንድ ዘመድ ለዘመድ ነውር አይደለም ወይ በያት» አሉ ጋሽ ዘገዬ።

«ለሰው ነውር ነው» አለች ካሮል። «እነሱ ግን አያውቁም። የሚያውቀው ሊ ብቻ ነው።»

አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት እንጂ «እኔም ቄስ ገበየሁ እስኪጠሩ ድረስ አላውቅም ነበር» ልላት ነበር። ካሮል ክፉ ሴት አይደለችም። የሸጋ ወቅት እስኪደርስ ጊዜ ሰጠችው፤ ከዚያ ወይ ወንዱን፣ ወይ ሸጋን። ዳቦውን ተቀበለች። ጋሽ ዘገዬ ሳይቀመጡ ወጡ፤ ሳይሳካላቸው የተመለሱት ያን አንድ ቀን ነው ብለው እስከ ዛሬ ያወሩታል።

እሳቸውን ቤታቸው አደረስናቸውና ሁለታችን ብቻ በወንዙ ዳር መንገድ ስንነዳ ንዴቴ ገነፈለ።

«ውሻ እኮ ናት!» አልኩት። «ነፍስ ይማር አይባልላት፣ ንስሐ አትገባ! ለአያቷ ስጣትና ሸጋን ይዘህ ግባ! ለማን ስትል ነው የምታጣት?»

አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለው መናፈሻ ገብቶ መኪናውን አቆመ። መሪውን ግን አለቀቀም።

«እህቴ» አለ፣ «ቁጥሩን ለውሻ ብዬ ከተውኩት፣ ታዲያ አንቺን በምን ምክንያት አጣሁሽ?»

አውሮፕላን ከራሳችን በላይ ወረደ፤ መኪናው ተናወጠ። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። ሳገኘው ደስም አለኝ፣ ላንቀውም ፈለግኩ። ጓዳ ሆኜ በሩ ላይ ጆሮዬን የለጠፍኩት ይህን ለመስማት ነበር፤ ያኔ፣ እዚያ፣ ሽማግሎቹ ፊት!

«ሁለትና ስድስት አንድ ነው?» አልኩት። «ለእሷ አያቷ ነው! እኛ'ኮ ስድስት ነበርን!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ትክክል ነው ብዬ ነዋ። ትክክል ነው ብዬ ነው የኖርኩት። አሁን ልክ አይደለም ካልሽኝ…»

አልጨረሰውም። በሩን ከፍቶ ወረደና ሳሩ ላይ እስከ ውሃው ሄደ፤ ተመለሰ፤ ሄደ። እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚሉት ልክ ነው። ስሂን ቤት ምሳ ሠርታ ትጠብቀን ነበር። ሄድንም፣ በላንም። እሱ ቆሞ ነው የበላው።

ሸጋን ራሱ ነው ያደረሳት። ጠዋት አጠባት፤ ጆሮዋን በማበጠሪያ ለያየ፤ ስሂን «ብርድ ነው» ብላ የራሷን ሹራብ መኪናው ውስጥ አነጠፈችላት። የካሮል በር ላይ ሸጋ ልክ አዳራሽ ውስጥ እንደምትቆመው ቆመችለት፣ ቀጥ ብላ፤ ሩጫ ያለ መስሏታል። ልሳነወርቅ ማሰሪያውን ፈትቶ ሲወጣ ባዶውን ማሰሪያ እጁ ላይ ጠቅልሎታል። ያን ቀን አሌክሳንድሪያ እኔ ቤት ጎራ ብሎ ውሃ ጠጣ። እኔም ለአንድ ጊዜ ስድብ ጠፋኝ።

የዚያ ክረምት ነገር አይነሣ። በረዶው ጣራ ድረስ የወጣበት ክረምት ነው። ችኩል በሸጋ ቦታ እየዞረ ያለቅሳል፤ ልሳነወርቅ በረዶ ይዝቃል፣ የራሱን ሲጨርስ የጎረቤት ይዝቃል። አደን አልሄደም። ስሂን ደውላ «ባዩሽ፣ ነይና ስደቢልኝ፤ አንቺ ስትሰድቢው ነው ሰው የሚመስለው» ትለኛለች። ሄጄ ሰድቤዋለሁ። ምንጣፉ ላይ ያለው መንገድ ወለሉ እስኪታይ አለቀ።

በፀደይ ካሮል ደወለችለት። ሸጋ ከአያቷ ወልዳለች። ውሉ ስለፈረሰ ምንም አይገባውም ነበር፤ እሷ ግን «አንዷ ያንተ ናት፤ መጥተህ ውሰድ» አለችው። አልሄድም አለ። ስሂን የመኪናውን ቁልፍ አንሥታ «እንግዲያው እኔ እነዳለሁ» ስትል ተነሣ፤ የስሂንን አነዳድ የሚያውቅ ሰው ይነሣል።

ቡችላዋን አምጥቶ ስም አላወጣላትም። ጉድለት ይፈልግባት ጀመር። ዘመድ ከዘመድ ከተወለደ አንድ ነገር ይጎድለዋል ተብለን ነዋ ያደግነው። በእጁ እያጨበጨበ መስማቷን ያያል፤ ባትሪ እያበራ ዓይኗን ያያል፤ ጓሮ አስሩጦ አረማመዷን ያያል። ሐኪም ቤት ወሰዳት። አላመነም፤ ሌላ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሁለተኛዋ ሐኪም «ሁልጊዜ እንዲህ አይወጣም፤ ይቺ ግን ደህና ናት» ስትለው ልቧን ድጋሚ እንድታዳምጥ ለመናት። ስሂን ይህን ሁሉ በየቀኑ ትነግረኛለች። እኔ መስማት አልፈለግኩም፤ ስልኩን ግን አልዘጋሁም።

አንድ ጠዋት ሆቴሉ የአንሶላ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

«ባዩሽ» አለኝ።

የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ያ ድምፅ ያን ስም ከጠራ ስንት ዘመኑ! የታጠፈ አንሶላ ክምር ላይ ተቀመጥኩ።

«ምንም የላትም» አለኝ። «ዓይኗም፣ ጆሮዋም፣ ልቧም። ምንም ያላየሁት የለም። ምንም የላትም፣ ባዩሽ።»

ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ልለው የምችለው ክፉ ነገር ሁሉ ምላሴ ላይ ተሰለፈ፤ በየዓመቱ ሳጠራቅመው የኖርኩት። ሲያለቅስ ሰማሁት። ሁሉንም ዋጥኩት።

«አውቅ ነበር» አልኩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድኩ። ስሂን በሩን ስትከፍትልኝ ከወትሮው ጠበቅ አድርጋ አቀፈችኝ፤ ነግሯታል ማለት ነው። እሱ ምንጣፉ ላይ፣ ያ የነተበው መንገድ መሐል፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ቡችላዋ ጭኑ ላይ ተኝታለች። ችኩል አጠገባቸው ጋደም ብሎ ጆሮዋን ይልሳል። እኔ ስገባ ሊነሣ ሲል «ተቀመጥ፣ ትነቃብሃለች» አለችው ስሂን።

«ስም አልወጣላትም» አለችኝ። «አንቺ አውጪላት፤ ለችኩልም ያወጣሽው አንቺ ነሽ።»

ጎንበስ ብዬ አየኋት። ሆዷ የጠገበ፣ አፍንጫዋ ላይ ቡናማ ነጥብ ያላት ነገር ናት። በአንድ ጣት ግንባሯን ነካሁት፤ ይሞቃል።

«እህቴ በላት» አልኩት። «ያ ስም አሁን ባለቤት የለውም።»

ስሂን አፏን በእጇ ያዘች። ልሳነወርቅ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ተበላሸ፤ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም፤ የቡችላዋን ጀርባ ብቻ ያሻል። ደክሞት ይሁን ዐርፎ አላወቅኩም፤ አልተነሣም። ስሂን ምሳውን ወለሉ ላይ አቀረበችለት፣ እኔም ጫማዬን አውልቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ሦስታችንም እዚያው በላን።